ጉማሬ በደቦ፦ ቆራሌው ሳይወስደው

ከሰፈር ልጆች ጋር ከጭቃና ከወዳደቀ ዕቃ የእንስሳ ቅርጽ ልትሠሩ ካሰባችሁ መጀመሪያ ጉማሬ ሥሩ። ፈረስ አትሥሩ። ይህን የምለው ከሁለት ዓመት በፊት ባሕር ዳር ከሰፈር ልጆች ጋር የሠራነው ፈረስ ስለወደቀብን ነው። እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን አይቼ ልቤ ተነሳስቶ ነበር፤ በአራት ቀጫጭን እግሮች ላይ ያን ሁሉ ጭቃ ስንጭንበት በሦስተኛው ቀን ተንበረከከ። ልጆቹ ሳቁ፣ እኔ አልሳቅሁም። ጉማሬ ግን እግሩ አጭር ነው፣ ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው፣ ቢንሻፈፍም ያው ጉማሬ ነው። ጣና አጠገብ ስላለን ደግሞ የማያውቀው ልጅ የለም።

ሥራው ደቦ ነው። ደቦ ላይ ሠላሳ ሰው ይምጣ እንጂ ከየት ታጭዶ የት እንደሚከመር የሚናገረው ባለማሳው ነው። እዚህም አጥንቱን አንድ ሰው ይዘዝ፤ ቆዳውን ለሁሉም ልቀቁት። እኛ ፈረሱ ላይ ይህን ገልብጠነው ነበር። የእግሩን ነገር በእጅ ብልጫ ወሰንን፣ ቀለሙን ግን እኔ ካልመረጥኩ ብዬ ድርቅ አልኩ። ውጤቱን ነግሬያችኋለሁ።

አጥንቱ ቀርከሃ ይሁን፤ ከአዊ በኩል የሚመጣው ጥሩ ነው። ርዝመቱን አንድ ሜትር ተኩል ያህል አድርጉት። ለእግሩ 60 ሳንቲሜትር የሆኑ አራት አጠናዎች ቁረጡና ግማሹን መሬት ውስጥ ቅበሩት። እርጥቡን ቀርከሃ ሰንጥቃችሁ እንደ ጎድን አጥንት አጉብጡት፤ ከግንባታ በተረፈ ሽቦ እሰሩት። የሽቦውን ጫፍ ወደ ውስጥ ማጠፍ አትርሱ፣ ጭቃ የሚለጥፈው እጅ የልጅ እጅ ነው።

ሆዱን በሃይላንድ ሙሉት። ባዶውን አይደለም፣ ይጨፈለቃል። በየመንገዱ የሚበረውን ፌስታል ልጆቹ ለቅመው በዱላ እየጠቀጠቁ ይሙሉት፣ ከዚያ ክዳኑን ግጥም። በቆራሌው ላይ እንዳትቀየሙ፣ እሱም እንጀራው ነው፤ ቀድማችሁ ለቅሙ እንጂ።

ከላይ የቃጫ ጆንያ አልብሱና ከቀርከሃው ጋር ስፉት። የፕላስቲኩ ማዳበሪያ ላይ ጭቃ አይዝም፣ ተንሸራቶ ይወርዳል። እኛ ከፈረሱ በኋላ የሠራነውን ጉማሬ ግማሹን በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ለጥፈናል።

አሁን ጭቃው። ይህን ነገር ጎታ የሠራች እናት ከማንኛውም ሰዓሊ በላይ ታውቀዋለች፤ ሰፈራችሁ ውስጥ አንዲት ካለች ቡና አፍሉና ጥሯት። እኛ ጋ የመጡት እማማ ጭቃችንን ገና በእጃቸው ሲነኩት ነው ጭድ እንደሚያንሰው ያወቁት። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ረግጣችሁ ሦስት አራት ቀን ይቡካ። መጀመሪያ ስስ አድርጋችሁ የጆንያው ቀዳዳ ውስጥ እስኪገባ እሹት። ይድረቅ። ከዚያ ሁለተኛውን፣ አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ለጥፉ። ሲደርቅ ከሰነጠቀ ጭዱ አንሷል ማለት ነው፣ ጨምሩና ድፈኑት። ችኮላ እዚህ ላይ አይሠራም፤ ጎታም በአንድ ቀን አይቆምም።

ቆዳው ላይ ሁሉም ይፈታ። ሁለተኛው ጭቃ ሳይደርቅ የቢራና የለስላሳ ቆርኪ ጥርሱን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ ትከሉበት፣ ጥርሱ ጭቃውን ይይዛል። ለያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ቦታ ስጡ፦ ለአንዱ ጀርባ፣ ለአንዱ ጆሮ። ቀለማቸው ባይገጥምም ዝም በሉ። ጋና ተወልዶ ናይጄሪያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሠራው ቀራጺ ኤል አናትሱይ የጠርሙስ ክዳን በመዳብ ሽቦ እያስተሳሰረ፣ ከብዙ ረዳቶች ጋር እየሠራ ነው ዓለም ያወቀው፤ ስለዚህ ቆርኪን አትናቁ። የጉማሬውን ጥርስ ከነጭ ጄሪካን ቁረጡ። ዓይኑ የሃይላንድ ቂጥ ይሆናል። ቆርቆሮ የሚቆርጥ አዋቂ ብቻ ነው፣ ጓንት አድርጎ። ፕላስቲክ በእሳት ማቅለጥ የሚባል ነገር አይሞከር፣ ጭሱ መርዝ ነው።

ጊዜው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ጭዱ ከአውድማ የሚገኝበት፣ ፀሐዩም የማይሰስትበት ወር። ክረምት ላይ መጀመር ጭቃን ለዝናብ መገበር ነው።

ላዩ ላይ ቆርቆሮ ካልጣላችሁበትም ሰኔ ላይ ይሟሟል። እኛ ሳንጥልበት ቀርተን ነሐሴ ላይ ጀርባው ወረደ። ቆርኪውን ለቅመን አጥበን በጆንያ አስቀምጠናል፣ ሃይላንዱም እንዳለ አለ። ዘንድሮ ታንኳ ይሁን ዓሣ እየተከራከርን ነው።