ኬክ በአበባ መትከያ ሸክላ

ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ትንንሽ የሸክላ አበባ መትከያ ካያችሁ ለኬክ ያዙ። ግን አዲስና ቀለም ያልነካው ይሁን። አፈር የያዘውን ለአበባው ተዉለት።

አጥባችሁ በደንብ አድርቁት። ከዚያ እንደ አዲስ ምጣድ ይሟሻል፤ ውስጡን ዘይት ቀብታችሁ ባዶውን አሙቁት። ሁልጊዜ ኦቭኑ ሳይግል ይግባ። የእኔ የመጀመሪያው የጋለ ኦቭን ውስጥ ገብቶ ጧ አለ፣ ሊጡም አብሮ ሄደ!

ከታች ያለችውን ቀዳዳ በኬክ ወረቀት ድፈኑ፤ ጎኑንም ቅቤ ቀቡ። ሊጡን ከግማሽ ትንሽ አሳልፉ፣ አትሙሉት። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቶሎ ይነፋና መሃሉ ይሰምጣል። ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነስ አድርጉ። ሸክላ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ሰዓት አትመኑ፤ ስንጥር ወግታችሁ ደረቅ ከወጣ በስሏል።