የድራማዋ እናት ላይ ስንፈርድ የምንሠራቸው ስህተቶች

ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ፣ የምትበደርና የምትዋሽ ሴት ተከታታይ ድራማ ውስጥ ስትመጣ ክፍሉ ሳያልቅ ፍርዱ ያልቃል። አንዱ «ድሮም እሷ!» ይላል፣ ሌላው «ምን ታድርግ፣ ችግር ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ድራማውን በደንብ አላዩትም። ለምሳሌ ያህል አንዲት ገጸ ባሕርይ እንውሰድ፦ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይታ፣ አረቄ እያወጣች ሴት ልጇን የምታስተምር።

ድርጊቱን አይቶ ሰዓቱን አለማየት

የወላጆች ስብሰባ ቀርታለች። «ለልጇ ግድ የላትም» ከማለትዎ በፊት የቀደመውን ትዕይንት መለስ ብለው ይዩት። ድፍድፉ ተጥዷል፣ እንፋሎቱን ወደ መቀበያው የሚወስደው መቃ ገብቶ መጋጠሚያው በጭቃ ተመርጓል። አረቄ የሚያወጣ ሰው ምድጃውን ጥሎ አይሄድም፤ እሳቱ ከበረታ ድፍድፉ ገንፍሎ በመቃው ይወጣና የተጠራቀመውን ያበላሻል፤ ከደከመ ጠብታው ይቆማል፤ መቀበያው የተቀመጠበት ውኃ ሞቆ ካልተለወጠም እንፋሎቱ ሳይቀዘቅዝ ያመልጣል። ብቅሉና ጌሾው በዱቤ የተገዛ ከሆነ ደግሞ የተበላሸው ድፍድፍ የወሩ ኪራይ ነው። ይህ ማለት ግን ትክክል አድርጋለች ማለት አይደለም። ጎረቤቷን «እሳቱን እይልኝ» ማለት ትችል ነበር። ለምን አላለችም? ኮርታ ነው፣ ተጣልታ ነው፣ ወይስ የቀድሞ ውለታ አልመለሰችም? ክርክሩ መጀመር ያለበት እዚህ ላይ ነው።

ልጅቷን ጭስ ውስጥ ታስጠናለች የሚለው ወቀሳም እንደዚሁ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ከምድጃው ዳር የሚሞቅ ቦታ ያ ቤት የለውም።

አዝኖላት የተጎዳውን ሰው መርሳት

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ይመስለናል፣ ደግ ሰዎች የሚሠሩት ስለሆነ። የገባችበት እቁብ ሃያ ሰው አለው እንበል፤ በየሳምንቱ 500 ብር ይጣላል፣ ዕጣው 10,000 ብር ነው። በሦስተኛው ሳምንት ደረሳት። የጣለችው 1,500 ብር ብቻ ስለሆነ ቀሪው 8,500 ብር ዕዳ ነው፤ የእቁቡ ዳኛ ብሩን ከማስረከቡ በፊት ዋስ የሚጠራውም ለዚሁ ነው። ብሩን ለልጇ ሕክምና አውጥታ መጣል ብታቆም የምትጎዳው ዋስ የሆነችላት ጎረቤቷ ናት። ጎረቤቷ ራሷም እቁብተኛ ከሆነች ለቀሪዎቹ 17 ሳምንታት በየሳምንቱ 1,000 ብር ልትጥል ነው።

ስለዚህ ዋሷን ይከታተሏት። ድራማው ወደ እሷ ቤት ተመልሶ ያሳየናል? ካልተመለሰ ደራሲው እናቲቱን እንድንወዳት ሒሳቡን ደብቆብናል፤ ጥፋቱ የጽሑፉ ነው። ከተመለሰ ግን ለእናቲቱ ማዘንም እሷን መውቀስም ይቻላል፣ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

አባትየውን ከፍርዱ ማስወጣት

«ለምን ቀለብ አትጠይቀውም?» ማለት ቀላል ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ቀለብም በፍርድ ቤት ይጠየቃል። ነገር ግን ሰውየው «ልጄ አይደለችም» ካለ መጀመሪያ አባትነቱ መረጋገጥ አለበት። ምስክር፣ ቀጠሮ፣ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ፤ እያንዳንዱ የቀጠሮ ቀን ምድጃው ያልነደደበት ቀን ነው። ደራሲው አንዲት ትዕይንት እንኳ ለዚህ ካልሰጠ፣ አባትየውን ከተጠያቂነት ያወጣው እሱ ነው።

እኛ የምናውቀውን እሷ ታውቃለች ማለት

ልጅቷ ከትምህርት ቤት የተላከውን ደብዳቤ ደብተሯ ውስጥ ስትሸሽግ እኛ አይተናል፣ እናትየው አላየችም። በሚቀጥለው ክፍል «እንዴት ዝም ትላለች!» የሚሉ አይጠፉም። ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ያስምሩ፦ በአንዱ ተመልካቹ የሚያውቀውን፣ በሌላው እሷ በዚያ ቀን የምታውቀውን ይጻፉ። ፍርድዎ ከሁለተኛው ዓምድ አይውጣ።

ለካሜራውና ለዋሽንቱ መሸነፍ

ልጇን በጥፊ መታቻት። ካሜራው በልጅቷ ቁመት ዝቅ ብሎ ቢቀርጽ እናትየው ግዙፍና አስፈሪ ትሆናለች። ጥፊው ካረፈ በኋላ ካሜራው እናትየው ፊት ላይ ቆይቶ ዋሽንት ቢገባ ደግሞ የምናለቅሰው ለመቺዋ ነው። ትዕይንቱን አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፍተው ይዩትና እጇ ያደረገውን ብቻ ይጻፉ፤ ከዚያ በድምፅ ይድገሙት። ልዩነቱ የአዘጋጁ ሥራ ነው፣ የእሷ ጠባይ አይደለም።

እንባን እንደ ካሳ መቁጠር

ማርያም ደጅ ተደፍታ ብታለቅስ ተለውጣለች ማለት አይደለም። ለውጥ የሚታወቀው ያው ፈተና ዳግመኛ ሲመጣባት ነው፦ እጇ ላይ ብር ገብቶ፣ ኪራይም ደርሶ፣ ዋሷም ሳትጠይቃት። ያን ጊዜ ከዕዳው 200 ብር እንኳ ብትከፍል ከአሥር የለቅሶ ትዕይንት ይበልጣል።

የመንዝ ወይም የቡልጋ አነጋገር ስላላት ብቻ ሞኝ ወይም የዋህ አድርጎ መፈረጅም አለ፤ ደራሲዎችም ያደርጉታል፣ ስንፍና ነው። ተዋናይቷን መንገድ ላይ አግኝቶ መስደብ ደግሞ ጭራሽ ፍርድ አይባልም። ቅሬታ ያለው ሰው መጨረሻ ላይ የሚወጣውን የስም ዝርዝር ጠብቆ ደራሲው ማን እንደሆነ ያንብብ።