ስለ ስደተኛ እርዳታ ስንከራከር የምንስታቸው ነገሮች

ባለፈው ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ክርክር ተነሳ። አንዱ ሰውዬ «የኛ ሰው ድንኳን ውስጥ እየራበው ለሱዳን ስደተኛ ስንዴ ይሰፈራል» አለ። ከኋላ ያለችው ሴትዮ «ታዲያ ከጦርነት የሸሸ ሰው ይሙት?» ብላ መለሰች። ረዳቱ ሳይቀር ገባበት። እኔ ግን ዝም ብዬ ስሰማ ሁለቱ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር እንዳልሆነ ገባኝ። እነዚህ ስህተቶች በየቡናው ላይም አይጠፉም።

የመጀመሪያው ስደተኛና ተፈናቃይን መደባለቅ ነው። ስደተኛ ድንበር የተሻገረ ሰው ነው። ተፈናቃይ ደግሞ በገዛ አገሩ ውስጥ ቤቱን ጥሎ የወጣ። ከወለጋ መጥቶ ደብረ ብርሃን ቻይና ካምፕ የሚኖረው ተፈናቃይ ነው፤ ኃላፊነቱ በቀጥታ የመንግሥት ነው። በሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ የገባው ስደተኛ ነው፤ እሱን የሚመዘግበው የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ሲሆን የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት (ዩኤንኤችሲአር) አብሮ ይሠራል። ቢሮው ሌላ፣ በጀቱ ሌላ። የአንዱ ጎድሎ ሲታይ «ሌላው ወሰደው» ማለት ቀላል ነው፤ ተጠያቂው ግን በዚህ መሃል ያመልጣል።

ሁለተኛው ስንዴው ከኛ ግብር የተገዛ ይመስለናል። አብዛኛው የሚመጣው ከውጭ ለጋሾች በዓለም ምግብ ፕሮግራም በኩል ነው። ማስረጃ ከፈለጋችሁ ሰኔ 2015ን አስታውሱ። እርዳታ እየተሰረቀ ነው ተብሎ ለጋሾቹ ሲያቆሙ የካምፖቹ ምግብም ለወራት ቆመ፤ ለስደተኞቹ እንደገና የተጀመረው በ2016 መጀመሪያ ነው። ከኛ ካዝና ቢሆን ኖሮ ውጭ ያለ ሰው እንዲህ አይዘጋውም ነበር።

ይሄ ማለት ግን እኛ ምንም አንከፍልም ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላኛው ወገን ይሳሳታል፤ የአካባቢው ሰው ሲያማርር «ጥላቻ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ጋምቤላን እዩ። በ1999 ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 300 ሺህ ገደማ ነበር። ዛሬ ከደቡብ ሱዳን የመጡት ስደተኞች ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ናቸው። እንግዳው እንዲህ ሲበዛ ምን ይሆናል? ማገዶ ይርቃል፣ ጫካው ይሳሳል፣ ጤና ጣቢያው ይጨናነቃል፣ የብሔር ሚዛኑም ጭምር ወሬ ይሆናል። ይሄን የሚከፍለው ጄኔቭ ያለ ለጋሽ ሳይሆን ጎረቤቱ ገበሬ ነው። መፍትሔ የለም ማለት አይደለም። ኢታንግ ላይ የከተማውን ነዋሪና በአቅራቢያው ያሉትን ካምፖች ከአንድ መስመር የሚያጠጣ የውሃ ሥራ ተሠርቷል። ለኔ ከመቶ ስብሰባ ያ አንድ ቧንቧ ይሻላል።

«ካምፕ ከገቡ ተረፉ» የሚለውም አለ። ምዕራብ ጎንደር የነበሩትን የኩመርና የአውላላ ካምፖች የሚያውቅ እንዲህ አይልም። የታጠቁ ሰዎች ሌሊት እየገቡ ሲዘርፉ፣ ሲተኩሱ ነበር። በሚያዝያ 2016 የአውላላ ሱዳናውያን ልጆቻቸውን ይዘው በእግራቸው ካምፑን ጥለው ወጡ፤ መንገድ ላይ ሲታገዱ እዚያው ጫካ ዳር ላስቲክ ወጥረው ተቀመጡ። «ስንዴ አነሰን» ብለው አይደለም፤ ነፍሳቸውን ፈርተው ነው።

አሁን ወደ ሪሴትልመንት፣ ማለትም ስደተኛን ወደ ሦስተኛ አገር ወስዶ ወደ ማስፈር። እኛ ጋ «ሰፈራ» ሲባል አሮጌ ጠባሳ አለ፤ በ1977 ድርቅ ደርግ ወደ 600 ሺህ ሰው ከወሎና ከትግራይ ከመሳሰሉት ቦታዎች እየጫነ ወደ ጋምቤላና መተከል አካባቢ የወሰደበት። ስለዚህ ስደተኛ ሊሰፍር ነው ሲባል ብዙ ሰው መሬቱ የሚወሰድ ይመስለዋል። ስደተኛው ግን «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ሲል ወደ ሦስተኛ አገር መሄዱን ነው የሚያወራው። ያም ቢሆን በዓመት የሚደርሰው ከዓለም ስደተኞች ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላውን ነው። ጥር 2017 ላይ አሜሪካ ፕሮግራሟን ስታቆም ትኬት ተቆርጦላቸው የነበሩ ሰዎች ሁሉ ቀሩ። እና እባካችሁ፣ «ኬዝ አስከፍትልሃለሁ» ለሚል ደላላ ብር አትስጡ። ምዝገባውም ፕሮሰሱም ነፃ ነው።

«ጦርነት ብቻ ስደተኛ አያደርግም» የሚሉ የሕግ አዋቂ ነን ባዮችም አሉ። በፈረንጆች 1951 የወጣውን የጄኔቭ የስደተኞች ስምምነት ብቻ ካነበቡ ትንሽ እውነት አላቸው። የአፍሪካው ስምምነት ግን ወረራንና የሕዝብን ፀጥታ ክፉኛ ያናጋ ሁኔታን በስም ጠርቶ አስገብቷል፤ የተፈረመውም እዚሁ አዲስ አበባ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር በ1961 መጨረሻ። የኛው የስደተኞች አዋጅ 1110/2011 ደግሞ ሥራና እንቅስቃሴ ፈቅዷል እንጂ ዜግነት አላደለም።

አንድ የቀረ አለ፤ 2013ን መርሳት። ያኔ በትግራይ ጦርነት ከ60 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ ሱዳን ተሻግረው እዚያው ሐምዳይትና ኡም ራኩባ ካምፖች ገብተዋል።

ሰውዬው ሊወርድ ሲል እናቱ ደብረ ብርሃን ካሉት ተፈናቃዮች አንዷ መሆኗን ተናገረ። ሴትዮዋ «ውይ ወንድሜን» አለች። ለእናቱ ስንዴ የሚጠየቀው ሌላ ቢሮ መሆኑን ልነግረው አፌን ስከፍት፣ «ወራጅ አለ!» ብሎ ወረደ።