ናፍጣ ውስጥ ውኃ እንዳይገባ እንዴት ይደረጋል? ለወፍጮ ቤትና ለመስኖ ሞተር ባለቤቶች

ወንድሜ መንዝ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለው። በነሐሴ አንድ የገበያ ቀን፣ እህላቸውን በአህያ ጭነው የመጡ እናቶች ደጁን ሞልተው ሳለ፣ ሞተሩ ተንተፋተፈ፣ ነጭ ጭስ ተፋና ጸጥ አለ። የማጣሪያውን ጽዋ ፈትተን ስንመለከተው ከቢጫው ናፍጣ ሥር ሽምብራ የሚያካክሉ ጥርት ያሉ እንክብሎች ወዲያና ወዲህ ይንከባለላሉ። ውኃ ነበር። እናቶቹ ያልተፈጨ እህላቸውን መልሰው ጭነው ሄዱ። ያን ማታ በስንት ቤት ሊጥ ሳይቦካ እንደቀረ ሳስበው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ናፍጣውን የሸጠልንን ሰው በዚያው ዕለት ክፉኛ ወቀስነው። ሰውየው ግን አልበደለንም፤ ውኃውን ያስገባነው እኛው ነበርን። ነገሩን ለመረዳት አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶብናል። ሌላው እንዳይደክምበት የተማርነውን ሁሉ እዚህ አስቀምጣለሁ።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

ውኃ ከናፍጣ ይከብዳል። አንድ ሊትር ናፍጣ 0.84 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። ስለዚህ ውኃው ወደ ታች ይዘቅጥና ሞተሩ ነዳጁን ከሚስብበት ቀዳዳ አጠገብ ይተኛል። ናፍጣን በኃይል ገፍቶ ወደ ኖዝሉ (ነዳጁን ሞተሩ ውስጥ ወደሚረጨው ጫፍ) የሚልከው ፓምፕ በውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ብረቶች የሚያለሰልስለት ራሱ ናፍጣው ነው። በናፍጣው ፈንታ ውኃ ሲገባ ብረት ብረትን ይፍቃል፣ ሞተሩ ቆሞ ሲያድር ደግሞ ይዝጋል። ከዚህም በላይ ውኃና ናፍጣ በሚገናኙበት መስመር ላይ ረቂቅ ተሕዋስያን ይራባሉ። ማጣሪያ ሲፈታ የሚገኘው ጥቁር፣ የሚያዳልጥ ዝቃጭ የእነሱ ሥራ ነው። ውኃ በሌለበት አይራቡም።

ውኃው ከየት ይመጣል?

በደጋው አገር ሁሉም የሚያሳብበው በብርዱ ነው። «ሌሊት በርሜሉ ውስጥ ጤዛ ይይዛል» ይባላል። እውነት ነው፣ ይይዛል፤ ግን ስንት? ግማሹ ባዶ በሆነ ባለ 200 ሊትር በርሜል ውስጥ 100 ሊትር አየር አለ። አየሩ በ20 ዲግሪ ሙቀት እርጥበት የጠገበ ቢሆንና ደብረ ብርሃን እንደሚያድረው ውርጭ ወደ ዜሮ ዲግሪ ቢወርድ፣ የሚጠራቀመው ውኃ ከአንድ ግራም ብዙም አያልፍም። የሻይ ማንኪያ ሩብ ያህል መሆኑ ነው። ነገሩ በየሌሊቱ ቢደጋገም እንኳ በአንድ ወቅት ጥቂት ማንኪያ ቢሆን ነው። ያን ዕለት እኛ ከታንኩ ያወጣነው ውኃ ግን ሁለት ጣሳ ሙሉ ነበር። ጤዛ ይህን ያህል አይሠራም።

ዋናው ሌባ የበርሜሉ ትንፋሽ ነው። በርሜል ይተነፍሳል። ቀን ፀሐይ ሲመታው በውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በክዳኑ ዙሪያ ይወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይጠብና ከውጭ ይስባል። 100 ሊትር አየር በ20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ሰባት ሊትር ያህል ይቀንሳል፤ በቦታው ከውጭ የሆነ ነገር መግባት አለበት። አየር ከገባ ጉዳት የለውም። ነገር ግን በርሜሉ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ከንፈሩ ከፍ ያለ በመሆኑ የክረምት ዝናብ አናቱ ላይ ይቋጥራል። አንድ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ በበርሜል አናት ላይ ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ነው። ክዳኖቹ በዚያ ኩሬ ሥር ናቸው። የክዳኑ ጎማ የደረቀ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ በርሜሉ ሌሊቱን ኩሬውን ይጠጣል። ጠዋት አናቱ ደርቆ ሲታይ «ፀሐይ አደረቀው» እንላለን።

በእኛ በሰሜን ሸዋ ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ፦ ቁልቁለቱ። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጣርማ በርን አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ሁሉ ያየው ነገር ነው፤ ደጋ ላይ ጠጥቶ የከደነው የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ ቆላ ሲደርስ ተጨማድዶ ያገኘዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። በቆላው ያለው አየር ይከብዳልና ጠርሙሱን ጨምቆ ያስገባዋል። የብረት በርሜል አይጨማደድም፤ በክዳኑ በኩል ይስባል። ደብረ ብርሃን ላይ ተሞልቶ በአይሱዙ በዝናብ የሚወርድ በርሜል ባዶ ከሆነው ቦታው ስድስተኛ ያህሉን በመንገድ ላይ ይስባል ማለት ነው። ለሽንኩርትና ለማሾ ማሳችሁ ናፍጣ ከላይ የምታወርዱ ገበሬዎች ይህን ልብ በሉት። በርሜሉን በሸራ ሸፍኑት፤ ሳይጎድል ሙሉ ሆኖ እንዲጫንም አድርጉ።

ሦስተኛው ምንጭ የወንድሜን ሞተር ያቆመው ነው። በየወፍጮ ቤቱ ያሉት ባለ አንድ ሲሊንደር ጋዳሚ የናፍጣ ሞተሮች ብዙዎቹ የሚቀዘቅዙት አናታቸው ላይ ባለው ክፍት የውኃ ገንዳ ነው። ውኃው እየፈላ ስለሚተን በየጊዜው ይጨመርበታል። የነዳጁ ታንክ ደግሞ ከገንዳው ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንድ ቀን ጥግ ቆሜ የወፍጮውን ሠራተኛ ልጅ ሳየው፣ ውኃውን ከባልዲ እየገለበጠ ሲጨምር ሩቡ በነዳጁ ክዳን ላይ ይፈስስ ነበር። ክዳኑ መሐል ለአየር የተበሳች ትንሽ ቀዳዳ አለች። ውኃው በእሷ ዙሪያ ክብ ሠርቶ ቆየ፣ አንድ ሁለት ጊዜ ቡልቅ አለና ወደ ውስጥ ሰመጠ። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

አራተኛው ጀሪካን ነው። ትናንት ከምንጭ ውኃ የተቀዳበት ቢጫ ጀሪካን ዛሬ ናፍጣ ይገዛበታል። ተገልብጦ የተንጠፈጠፈ ቢመስልም በእጀታው ጎድጓዳ ውስጥ ውኃ ይቀራል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

በርሜሉን ያጋድሙት። ይህን አንዱን ብቻ ቢያደርጉ ከግማሽ በላይ መንገድ ሄደዋል። ሁለት ወፍራም እንጨቶች መሬት ላይ ዘርግተው በርሜሉን በጎኑ ያስተኙ፤ እንዳይንከባለል ግራና ቀኙን በድንጋይ ይደግፉ። ሁለቱ ክዳኖች በሰዓት ገጽ ላይ 3 እና 9 ቁጥሮች ባሉበት አቅጣጫ፣ ትክክል በአግድም መስመር ላይ ይሁኑ። እንዲህ ሲሆን ሙሉ በርሜል ውስጥ ያለው ናፍጣ ክዳኖቹን ከውስጥ ያርሳቸዋል፤ ጎማቸው አይደርቅም፣ ውኃም የሚቋጥርበት አናት አያገኝም። ከበርሜሉ በእጅ ፓምፕ ስለሚቀዱ ማቆም ግድ ከሆነብዎ ከጣሪያ ሥር ያቁሙት፤ ከአንድ ወገን ሥሩ እንጨት አስገብተው ያዘንብሉትና ሁለቱም ክዳኖች ውኃ ከሚጠራቀምበት ዝቅተኛ ጠርዝ እንዲርቁ ያዙሩት። ፀሐይ የማያገኘው ጥላ ይምረጡ፤ ሙቀቱ ካልተለዋወጠ ትንፋሹም ይቀንሳል። ምድጃ ካለበት ቤት ግን ያርቁት።

የክዳኑን ጎማ በጣትዎ ጫን አድርገው ይፈትሹ። ከጠነከረ ወይም ከተሰነጠቀ ዛሬውኑ ይቀይሩት።

ለናፍጣ የተለየ ጀሪካን ይኑርዎ። አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰሩበት ወይም በቀለም ምልክት ያድርጉበት፤ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቀው። ውኃ የነካውን ጀሪካን መጠቀም ካለብዎ ክዳኑን ከፍተው፣ አፉን ወደ ታች ዘቅዝቀው አንድ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ያቆዩት፤ ከዚያ በጥቂት ናፍጣ አለቅልቀው ያንን ናፍጣ ለብቻው ያስቀምጡ። ናፍጣ የተያዘበት ጀሪካን ደግሞ ለመጠጥ ውኃ አይመለስም፤ የቱንም ያህል ቢታጠብ።

የተጓዘ ናፍጣ ይረፍ። በርሜሉ ከመኪና እንደወረደ የተናወጠው ውኃ ከነዳጁ ጋር ተደባልቆ ይቆያል። አንድ ቀን ከነሌሊቱ ካረፈ ውኃውና ቆሻሻው ይዘቅጣል። ሲቀዱም የፓምፑ ቱቦ ጫፍ ከበርሜሉ ወለል አንድ መዳፍ ያህል ከፍ ይበል። የመጨረሻውን አተላ ለሞተር አይስጡ፤ ጠላ የሚቀዳ ሰው እንኳ አተላውን አያናውጥም።

የጠርሙሱ ሙከራ

ይህ ምንም ወጪ የለውም። እስከ በርሜሉ ወለል የሚደርስ፣ ውስጡ የሚታይ ደረቅ የፕላስቲክ ቱቦ ያዘጋጁ። የላይኛውን አፍ በአውራ ጣትዎ ደፍነው ቱቦውን እስከ ወለሉ ያውርዱ። ከዚያ ጣትዎን ያንሡ፤ ከወለሉ ያለው ፈሳሽ ወደ ቱቦው ይገባል። መልሰው ደፍነው ያውጡና በንጹሕ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ይልቀቁት። በአፍ መሳብ ፈጽሞ አይገባም፤ ናፍጣ ወደ ሳንባ ከገባ ሰው ይገድላል።

ጠርሙሱን ሩብ ሰዓት ያህል ጠፍጣፋ ነገር ላይ ያቁሙና ወደ ብርሃን አቅርበው ይዩት። ንጹሕ ናፍጣ እንደ ቀለጠ ቅቤ የጠራ ነው፤ በስተጀርባው ጽሑፍ ቢያስቀምጡ ይነበባል። ውኃ ካለ ከሥር ቀለም የሌለው ንጣፍ ይታያል፤ መሐላቸውም በክር የተሰመረ ያህል ቀጥ ያለ መስመር ይለያቸዋል። መስመሩ ላይ ጥቁር ብጥስጣሽ ካዩ ተሕዋስያኑ ጀምረዋልና ታንኩ ተፈትቶ መታጠብ አለበት። ናፍጣው በሙሉ እንደ አረቄ ላይ እንደፈሰሰ ውኃ ደፍርሶ ከቆየ ውኃው ገና አልዘቀጠም፤ በርሜሉ ይረፍ።

ሞተሩ ላይ

በየጠዋቱ፣ ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት፣ ከታንኩ ሥር ያለውን የማፍሰሻ ቡሎን ግማሽ ዙር ያላሉት። ሌሊቱን የዘቀጠው ውኃ ቀድሞ ይወጣል። በብርጭቆ ተቀብለው ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ያፍስሱ፣ ከዚያ ያጥብቁ። ማታ ካፈሰሱት ጥቅም የለውም፤ ሲናወጥ የዋለው ነዳጅ ገና አልለየም። ማጣሪያው ከሥሩ ጽዋ ካለው እሱንም እንዲሁ። ያፈሰሱትን በማሳ ወይም በወንዝ ዳር አይድፉት።

የታንኩን ክዳን በፌስታል አንቀው አያስሩ። ያቺ የአየር ቀዳዳ ከተደፈነች ነዳጁ መውረድ ያቆማል፤ ሞተሩ ይጠፋና ጥፋቱ ሌላ ይመስልዎታል። እኛ ያደረግነው የአሮጌ ጀሪካን ግርጌ ቆርጠን ክዳኑ ላይ እንደ ቆብ መድፋት ነው። አየር ከሥሩ ያገኛል፣ ውኃው ግን በላዩ ይንሸራተታል። ውኃ የሚጨመረውም በባልዲ ሳይሆን ጠባብ ጡት ባለው ማንቆርቆሪያ ነው።

ውኃ ወደ ሞተሩ ካለፈ በኋላ ሞተሩን ደጋግሞ ማዞር ጉዳቱን ያባብሳል። ታንኩን ባዶ ያድርጉ፣ በንጹሕ ናፍጣ ያጥቡ፣ ማጣሪያውን ይቀይሩ፤ ከዚያ በማጣሪያው ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ቡሎን አላልተው አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወርድ ይጠብቁ። ኖዝሉ ሲረጭ ለማየት እጅዎን ከፊቱ አያድርጉ፤ ግፊቱ ቆዳ በስቶ ናፍጣ ወደ ሥጋ ያስገባል። ይህ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለ ፓምፑን ባለሙያ ይይ። ውኃውን ያጠፋል ተብሎ ቤንዚን ወይም አልኮል ናፍጣ ላይ መጨመር ግን ስሕተት ነው፤ ፓምፑን ያደርቃል፣ እሳትም ይጠራል።

በቆላው ያላችሁ፣ ክረምት ገብቶ የመስኖው ሞተር ሥራ ሲፈታ፣ የናፍጣ ከሆነ ታንኩን እስከ አፉ ሞልታችሁ ከጣሪያ ሥር አስገቡት። የቤንዚን ከሆነ ታንኩንም ካርቡሬተሩንም ባዶ አድርጉ፤ ቤንዚን ሲቆይ ይበላሻል። መስከረም ላይ ስትመለሱ ገመዱን ከመሳባችሁ ወይም ማኒቬላውን (በእጅ የሚዞረውን ማስነሻ ብረት) ከማዞራችሁ በፊት መጀመሪያ የታንኩን ሥር በብርጭቆ እዩት።