የአላርም ባትሪ በሊቲየም ለማስቀየር ለምታስቡ፦ መጀመሪያ ሰው ምረጡ

ደብረ ብርሃን ወይም ሸዋ ሮቢት ቤት ሠርታችሁ አላርም ያስገጠማችሁ፣ እናንተ ግን ውጭ የምትኖሩ ሰዎች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «መብራት ሲሄድ አላርሙም አብሮ ይጠፋል፤ ባትሪውን በሊቲየም ላስቀይረው?» ይቻላል። ባትሪው ከተገኘ ሥራው ቡና ተቆልቶ እስኪፈላ ያልቃል። ችግሩ ማን ይግዛ፣ ማን ይግጠም፣ ማን ይይ የሚለው ላይ ነው።

ቴክኒኩን ቶሎ ልጨርሰው። ብዙ የቤት አላርም ሳጥን ውስጥ ያለው 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት የሆነ ደረቅ ባትሪ ነው። ውስጡ እርሳስና አሲድ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ ሙቀት ግን ጠላቱ ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሸዋ ሮቢት ቆርቆሮ ሥር የተሰቀለው ቶሎ የሚሞተው ለዚህ ነው።

በምትኩ የሚገዛው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ነው። 12.8 ቮልት የተጻፈበትና ውስጡ ቢኤምኤስ የሚሉት መቆጣጠሪያ ያለው ይሁን። አላርሙ ባትሪውን የሚሞላው በ13.8 ቮልት አካባቢ ነው፤ ይኼኛው ይችለዋል። ከላፕቶፕ ባትሪ ተፈታትቶ የተገጣጠመ 11.1 ቮልት ጥቅል ግን በ12.6 ይሞላል። ከዚያ በላይ ሲገፋ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። አላርማችሁ የእሳት አደጋ አላርም ከሆነ ወይም መመሪያው ሌላ ባትሪ አይገባም ካለ ተዉት።

ደብረ ብርሃን ላሉት አንድ ልጨምር። ይህ የሊቲየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም። የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ ታውቁታላችሁ፤ ከተማዋ በብርድ ልብስ ፋብሪካ የታወቀችው ያለ ነገር አይደለም። ሳጥኑ ዋናው ቤት ውስጥ ይሁን እንጂ አጥር ላይ አይሰቀል።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ።

እኛ ቤት የሆነው ይኸውላችሁ። የሊቲየም ዋጋ ለአንድ ዘመዳችን ተላከ። እሱ ለባለሙያ ሰጠ። ባለሙያው ገጠመ፤ ፎቶም መጣ። ፎቶው ላይ ሰማያዊ ባትሪ፣ «ሊቲየም» የሚል ጽሑፍ፣ ሁሉም አለ። ከዚያ መብራት በሄደበት ሌሊት አላርሙ ድምፁን አጠፋ። አጎቴ ሳጥኑን ከፍተው ባትሪውን ሲያነሱት እንደ ድንጋይ ከበዳቸው። ተለጣፊውን ሲልጡት የድሮው ደረቅ ባትሪ ራሱ ነው።

ስርቆቱስ ይሁን። ያቃጠለኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ዘመዳችንን «ደረሰኙ የታለ?» ማለት እንዴት ያለ ጣጣ እንዳመጣ! «ዶላር ሲያይ ዘመዱን ሌባ ያደርጋል» ተባለ። አክስቶቼ በየተራ ደወሉ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ የተበላነው እኛ፣ ይቅርታ የጠየቅነው እኛ። ባለሙያውን ግን ማንም አልጠየቀውም። ዘመዳችን ምናልባት ምንም አያውቅም ነበር። ያንን እንኳ ማጣራት አልተቻለም፤ ገንዘቡም፣ ግዢውም፣ ሰውየውን ማምጣቱም በአንድ እጅ ስለነበር።

ስለዚህ እነዚህን ለያዩአቸው። የባትሪውን ዋጋ ለሱቁ በባንክ በቀጥታ ላኩ፤ ደረሰኙ ያኔ ከሱቁ ይመጣል፣ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም። ለባለሙያው የእጁን ዋጋ ብቻ ክፈሉ። እሱ ራሱ ይግዛ ካላችሁ ከሱቁ የሚያገኘውን ኮሚሽን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ዘመድ ደግሞ ገንዘብ ሳይነካ ቆሞ ይይ። «አደራ፣ አንተ ዓይኔ ሁንልኝ» ሲባል የሚቀየም ሰው የለም። «ሒሳብ አቅርብ» ሲባል ግን ቅያሜ አይቀርም።

ለማየት ማንን? በእኔ እምነት ከሥጋ ዘመድም፣ ኤሌክትሪክ አውቃለሁ ከሚለው የአጎት ልጅም ይልቅ እዚያ ቤት የሚያድር ሰው ይሻላል። ተከራይ ሊሆን ይችላል፤ እናታችሁ ሊሆኑ ይችላሉ። አላርሙ ባይጮህ የሚጎዳው እሱ ነው።

የሚያየውም ነገር ቀላል ነው። ያው መጠን ያለው ደረቅ ባትሪ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሊቲየሙ 1 ኪሎ ገደማ ነው። በቪዲዮ እየደወላችሁ ሚዛን ላይ ይቀመጥ። ተሞልቶ ካደረ በኋላ በማግስቱ የቆጣሪው ማብሪያ ማጥፊያ ይውረድና ጥቂት ሰዓት ይቆይ፤ ከዚያ በር ተከፍቶ ሳይረኑ ይሞከር። አላርሙና ሴንሰሮቹ 0.3 አምፒር ቢወስዱ 7 አምፒር ሰዓት በሒሳብ 23 ሰዓት ያህል ያቆያል። በሁለት ሰዓት ከጠፋ ተበልታችኋል። ይህን ሙከራ በየጊዜው ድገሙት፤ ሊቲየም ቮልቱ ሳይወርድ ቆይቶ በአንዴ ስለሚቆም የአላርሙ «ባትሪ ደክሟል» ምልክት ዘግይቶ ይመጣል።

ባትሪውን ከውጭ በሰው መላክም ይቻላል። 12.8 ሲባዛ በ7፣ 89.6 ዋት ሰዓት ነው። አውሮፕላን ላይ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው በአብዛኛው በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳል፤ ጫፎቹ በፕላስተር ይሸፈኑ። ወደ ጭነት በሚገባው ሻንጣ ግን ክልክል ነው። የሚሸከመው ሰው ምን እንደያዘ ይወቅ። «ትንሽ ዕቃ ናት» ብላችሁ የሰው ልጅ ኤርፖርት ላይ አታሳፍሩ።

ባለሙያው የአላርሙን ማጥፊያ ኮድ ይጠይቃችኋል። ዋናውን አትስጡ፤ ለዚያ ቀን ብቻ የሚሆን ክፈቱለትና ሲወጣ አጥፉት። የገጣሚውም ኮድ፣ ማለትም ባለሙያ የአላርሙን አሠራር ለማስተካከል የሚገባበት፣ ከፋብሪካ እንደመጣ ከሆነ ይቀየር። ስንት ቤት ነው ለገጠመው ሰው ሁሉ ክፍት የሆነው!

አሮጌውን ባትሪ «እኔ እጥለዋለሁ» ካለ፣ አይጥለውም፤ ለቁራሌው ይሸጠዋል። ይሽጠው፤ እርሳስ መርዝ ስለሆነ ልጆች ከሚፈታቱት ይሻላል። ግን አዲሱ ተሞክሮ ሳያልፍ አሮጌው ከግቢ አይውጣ።