የአሮጌ መኪና የፊት እግር ድምፅ ከየት እንደሚመጣ መለየት

ዕድሜ የተጫነው መኪና ከፊት በኩል መንኳኳት ሲጀምር፣ አብዛኛው አሽከርካሪ ቀድሞ የሚጠረጥረው ሾክ አብዞርበሩን ነው። ጥርጣሬው አልፎ አልፎ ልክ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ ድምፁን የሚያሰማው ከሾክ አብዞርበሩ በመጠንም በዋጋም የሚያንስ አንድ መገጣጠሚያ ሆኖ ይገኛል። እኔም በአንድ ወቅት የግራና የቀኝ የፊት ሾክ አብዞርበሮችን አስቀይሬ ከጋራዥ ስወጣ፣ ገና የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ያው የማውቀው ኳኳታ ተቀበለኝ። ጥፋተኛው ከጣት እምብዛም የማይወፍር የስታብላይዘር ሊንክ፣ ማለትም የመኪናውን ማጋደል የሚቀንሰውን የስታብላይዘር ዘንግ ከጎማው እግር ጋር የሚያያይዝ አጭር ብረት ነበር። ድምፁ በምን ሁኔታ እንደሚመጣ ሳይታወቅና የሚንኳኳው ቦታ በእጅ ተዳስሶ ሳይገኝ ዕቃ መግዛት ላም ባልዋለበት ኩበት መልቀም እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ጆሮ ብቻውን ደካማ ምስክር ነው። የመኪናው አካል ብረት በመሆኑ ድምፅን ከቦታ ወደ ቦታ ያስተላልፋል፤ በቀኝ በኩል የተነሳ ኳኳታ ከአሽከርካሪው እግር ሥር የመጣ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ወደ እግሩ፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር ወደሚያያይዙት ክፍሎች፣ ከመግባት በፊት ከእግሩ ጋር ግንኙነት የሌላቸውን ነገሮች ማጥራት ያስፈልጋል። የባትሪው ማሰሪያ፣ በዕቃ መጫኛው ውስጥ ያሉት ክሪክና ስኮርታ ጎማ፣ የማርሚታው ማንጠልጠያ፣ እንዲሁም የጎማ ብሎኖች በሚገባ መጥበቃቸው ይረጋገጥ። ቀጥሎም ድምፁ በሚሰማበት ሸካራ መንገድ ላይ በዝግታ እየነዱ የፍሬን ፔዳሉን በስሱ ይርገጡ፤ ኳኳታው በዚያች ቅጽበት ከጠፋ፣ የሚንኳኳው የፍሬን ሸራው ወይም ሸራውን የሚይዘው ካሊፐር የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። ይህ ሙከራ ምንም ወጪ የሌለው ሆኖ ሳለ የሚዘለለው ለምን እንደሆነ ገብቶኝ አያውቅም።

የመንገድ ሙከራው በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት፣ መስኮቶች ተከፍተው ቢደረግ ይመረጣል። በግንብ አጥር አጠገብ መንዳት ድምፁን ወደ መስኮቱ ስለሚመልሰው፣ አጥሩን አንድ ጊዜ በግራ አንድ ጊዜ በቀኝ በኩል እያደረጉ ቢያልፉ የትኛው ጎን እንደሚንኳኳ ለመገመት ያግዛል። ከዚያ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ፈልገው በመጀመሪያ ሁለቱም የፊት ጎማዎች እኩል እንዲወጡበት፣ በሁለተኛው ዙር ደግሞ አንዱ ጎማ ብቻ እንዲወጣበት አድርገው ይለፉ። የስታብላይዘር ዘንግ ሥራ የግራና የቀኝ ጎማዎች የተለያየ ከፍታ ሲይዙ መጠምዘዝ ነው፤ ሁለቱ ጎማዎች አብረው ሲነሱ ግን ዘንጉ ብዙም ስለማይጠመዘዝ ሊንኮቹ ላይ የሚያርፈው ጫና ትንሽ ነው። በመሆኑም በአንድ ጎማ ሲያልፉ ቶሎ ቶሎ የሚል ቀጭን ኳኳታ ተሰምቶ በሁለቱም ጎማ ሲያልፉ ከቀነሰ ወይም ከጠፋ፣ ጥርጣሬው ሊንኩ ወይም የዘንጉ ጎሚኒ (ዘንጉን አቅፎ የሚይዘው ላስቲክ) ላይ ያርፋል።

ይህን ጥርጣሬ በእጅ ማረጋገጥ ይቻላል። መኪናው በአራቱም ጎማ መሬት ላይ እንደቆመ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞና ሞተሩ ጠፍቶ፣ መሪውን ወደ አንድ ወገን በማዞር እጅ ከጎማው ኋላ እንዲገባ ያድርጉ። ሊንኩን ጫፉ ላይ በጣቶችዎ ከበው ይያዙና ረዳትዎ የመኪናውን ጥግ ደጋግሞ ወደ ታች እንዲጫነው ያድርጉ። ያለቀ ሊንክ ከሆነ፣ ድምፁ ለጆሮ ገና ሳይደርስ በጣት ላይ ጠቅ የሚል ምት ይሰማል፤ ደህና ሊንክ ግን ያለ ምት አብሮ ይወርድና ይወጣል። አንድ ጎማ ብቻ በክሪክ አንስቶ ይህን መመርመር ግን ያሳስታል፤ የተነሳው ጎማ ዘንጉን ስለሚጠመዝዘውና ሊንኩን ወጥሮ ስለሚይዘው ልቅነቱ ይደበቃል። ጥርጣሬው አሁንም ካልጠራ፣ ሁለቱንም ሊንኮች ፈትቶና የዘንጉ ጫፎች ከምንም ጋር እንዳይጋጩ አስሮ በዚያው መንገድ ላይ በዝግታ መንዳት ቁርጡን ያሳያል። በዚህ ሁኔታ መኪናው በመታጠፊያ ላይ ከወትሮው ይበልጥ ስለሚያጋድል ለሙከራ ብቻ እንጂ ለጉዞ አይሆንም።

መኪናው ቆሞ መሪው ሲዞር ብቻ የሚሰማ ድምፅ ሌላ ታሪክ ነው። ሾክ አብዞርበሩና ጥምዝ ሞላው በአንድነት ተገጥመው ከመሪው ጋር በሚዞሩበት መኪና ላይ፣ የላይኛው መቀመጫ ኩሽኔታ (በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ተሸካሚ) ሲደርቅ ወይም ሲያልቅ ሞላው ከታች ጋር እኩል መዞር ያቅተዋል፤ ይጠመዘዝና በድንገት ሲለቀቅ እንደ ክር መሣሪያ ድንግ ይላል። ረዳትዎ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ ሲያዞር መዳፍዎን በሞላው ውጫዊ ጎን ላይ ቢያሳርፉ ዝላዩ በግልጽ ይታወቃል፤ ጣት ግን በሞላው ጥምዞች መካከል ፈጽሞ አይግባ። በዚያው አጋጣሚ በባትሪ መብራት የሞላውን የታችኛውን ጫፍ ይመልከቱ። ውኃና ጭቃ የሚጠራቀመው እዚያ በመሆኑ፣ ዝገት የበላው ሞላ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከመጨረሻው ጥምዝ ላይ ነው፤ ቁራጩ በመቀመጫው ውስጥ ስለሚቀር ተጎንብሶ ካልታየ ስብራቱ አይታወቅም።

ፍሬን ሲያዝ አንድ ጊዜ ብቻ ጓ የሚል፣ ወደ ኋላ ተነድቶ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ የሚደገም ወፍራም ድምፅ ወደ ታችኛው ክንድ (ጎማውን ከታች በኩል ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ብረት) ጎሚኒዎች ያመለክታል። ረዳትዎ በእርምጃ ፍጥነት እየነዳ ፍሬን ሲይዝ እርስዎ ከጎን ራቅ ብለው ቆመው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለውን ክፍተት ቢከታተሉ፣ ጎሚኒው ካለቀ ጎማው ወደ ኋላ ሲሸሽ በዓይን ይታያል። በጎሚኒው ገጽ ላይ የሚታዩ ስስ ስንጥቆች ብቻቸውን ለመቀየር ምክንያት አይሆኑም። በሌቫ (በብረት መፈልቀቂያ) ሲፈለቀቅ ላስቲኩ ከብረቱ ተለይቶ ከተገኘ፣ ወይም በውስጡ ፈሳሽ ያለበት ዓይነት ሆኖ ካፈሰሰ ግን አልቋል።

ከሁሉም በላይ መታለፍ የሌለበት ክንዱን ጎማውን ከተሸከመው ብረት ጋር የሚያገናኘው ቦል ጆይንት ነው፤ እርሱ ከቦታው ሲወጣ ጎማው ይታጠፋል፣ መኪናውም ከቁጥጥር ውጭ ይሆናል። ለምርመራው መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፣ የኋላ ጎማዎቹ ይታገዱ፤ ከተነሳ በኋላም በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ይረፍ። የት ላይ እንደሚነሳ ደግሞ በእግሩ አሠራር ይወሰናል። ሞላው በሾክ አብዞርበሩ ዙሪያ ከሆነና የላይኛው ክንድ ከሌለ፣ መኪናው ከሻንሲው ተነስቶ ጎማው ይንጠልጠል። ሁለት ክንዶች ኖረውት ሞላው በታችኛው ክንድ ላይ የተቀመጠ ከሆነ ግን፣ ክሪኩ ከዚያው ክንድ ሥር ለቦል ጆይንቱ ቀርቦ ካልገባ ሞላው መገጣጠሚያውን ወጥሮ ይይዘዋል፣ ያለቀውም ደህና ይመስላል። ከዚያ ከጎማው ሥር ሌቫ አስገብቶ ወደ ላይ እያነሱ በክንዱና ጎማውን በተሸከመው ብረት መካከል እንቅስቃሴ መኖሩን ማየት ነው። የቦል ጆይንቱ የላስቲክ ሽፋን ተቀዶ ከተገኘ፣ ገና ባይንኳኳም አቧራና ውኃ ግሪሱን እያበላሹት ነውና የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው።

ጎማው እንደተነሳ ከላይና ከታች ይዘው ያነቃንቁት። ልቅነት ካለ ረዳትዎ ፍሬን እንዲረግጥ አድርገው ይድገሙት፤ ልቅነቱ በፍሬኑ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ወይም ሌላው የእግር መገጣጠሚያ ይጠረጠራል። በግራና በቀኝ ተይዞ ሲነቃነቅ የሚገኝ ልቅነት ደግሞ በአብዛኛው ከመሪ ቴስቲኒ (የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር ከሚያያይዘው መገጣጠሚያ) ወይም ከመሪው ማርሽ ይመጣል። ኩሽኔታ ከፍጥነት ጋር በሚጨምር ጉምጉምታው ይለያል፤ መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ጉምጉምታው ከበረታ ክብደቱ የሚያርፍበት የግራው ይጠረጠራል። መሪው እስከ ዳር ዞሮ ነዳጅ ሲሰጥ ቀጭ ቀጭ የሚለው ግን ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ ጫፍ እንጂ የእግር ዕቃ አይደለም።

ሲጥ ሲጥ የሚል የደረቀ ጎሚኒ ካለ፣ ተራ በተራ ውኃ ይርጩበት፤ ድምፁ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ያለበት ጎሚኒ ራሱን አጋልጧል። የሞተር ዘይት መቀባት ግን ጎሚኒውን ስለሚያለሰልሰውና ስለሚያሳብጠው ጉዳቱ ይበልጣል።

ጥገናው ሲደረግ የክንድ ጎሚኒ ብሎኖች የመጨረሻውን ጥብቀት ማግኘት ያለባቸው መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱን ሲሸከም ነው፤ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ ጎሚኒው ዘወትር እንደተጠመዘዘ ይኖራል፣ ሳይቆይም ይቀደዳል። ክንድ ወይም ቴስቲኒ ከተቀየረ የጎማ አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከያ) ይሠራ። አዲስ ሊንክ ተገጥሞ ያው ድምፅ ከቀጠለም ዕቃውን ከመውቀስ በፊት ዳዶው ይታይ፤ የሊንኩ ብሎን ከዳዶው ጋር አብሮ ስለሚዞር፣ በሌላ ቁልፍ ሳይያዝ የታሰረ ዳዶ የጠበቀ ይመስላል እንጂ አልጠበቀም።