ፒኤምኤስኤፍን አስቀድማችሁ ባፈር ውስጥ አትጨምሩ

ደሴ ውስጥ በቤተ ሙከራ ፕሮቲን ለምታወጡ ተማሪዎች አንድ ነገር ላሳስባችሁ እወዳለሁ። ሴሪን ፕሮቲዬዝ የተባሉትን ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች የሚያግደው ፒኤምኤስኤፍ በውኃ ውስጥ ዕድሜው አጭር ነው፤ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 7 ላይ ግማሹ በ110 ደቂቃ ገደማ፣ ፒኤች 8 ላይ ደግሞ በ35 ደቂቃ ገደማ ይፈርሳልና፣ ጠዋት ባፈር (ፒኤችን የሚያረጋጋ የማውጫ ፈሳሽ) ውስጥ ጨምራችሁ ከሰዓት በኋላ ብትጠቀሙበት ፕሮቲናችሁ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ስለዚህ 17.4 ሚሊግራም በ1 ሚሊሊትር ውኃ አልባ አይሶፕሮፓኖል አሟሙታችሁ በማቀዝቀዣ አስቀምጡ፤ ሴሉን ልትሰብሩ ስትሉ ብቻ፣ ባፈሩን እያማሰላችሁ፣ ለ1 ሚሊሊትር ባፈር ካሟሟችሁት 10 ማይክሮሊትር ጨምሩ። የደሴ ብርድ በረዶን አይተካም፤ ናሙናው በረዶ ላይ ይቆይ። ዱቄቱ መርዛማ ስለሆነ ያለ ጓንትና ያለ መነጽር ፈጽሞ አትመዝኑት።